በውሃ ያልዋጡት

ስሜ ማናልሞሽ ነው፤ በጤና ጣቢያችን ግን በስሜ የሚጠራኝ ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር። ለሌላው ሰው ሁሉ «ሲስተር ለምን» ነበርኩ። ስሙን ያወጣችልኝ ጤና ረዳቷ በየነች ናት። «ይህች ሴትዮ ለምን ለምን ስትል ምላሷ ፀጉር ሊያበቅል ነው» ብላ አንድ ጠዋት ካርድ ክፍል ውስጥ ተናገረች፤ ከሰዓት በኋላ ዘበኛው ሳይቀር «ሲስተር ለምን፣ በሽተኛ መጥቷል» ይለኝ ጀመር።

አልተቀየምኩም፤ እውነት ነዋ። እግሬም አፌም አይረጋም። ሻይ ቁጭ ብዬ ጨርሼ አላውቅም፤ ብርጭቆዬን ይዤ እየተንጎራደድኩ ነው የምጠጣው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «አንቺን ያረገዝኩት ጉንዳን ላይ ተቀምጬ ነው» ትለኝ ነበር። አዲስ አበባ ነርስነት ተምሬ፣ ዲፕሎማዬን ይዤ ከሚዛን ተፈሪ ወጣ ብላ ወደምትገኘው ጤና ጣቢያ ስመደብ ጓደኞቼ አለቀሱልኝ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ደን ውስጥ የሚጠየቅ ነገር ሞልቷል።

በዚያ ዓመት ዕረፍት የነሳኝ የእርጉዞቹ መገርጣት ነው። ከመንግሥት እርሻ ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ሆዳቸው ገፍቶ ይመጣሉ። የታችኛውን የዓይን ቆባቸውን ዝቅ ሳደርገው ውስጡ ነጭ ነው። የሆድ ትል መድኃኒት እንሰጣለን፣ ቀዩን የደም ክኒን እንሰጣለን፣ «በየቀኑ አንድ አንድ ዋጪ» ብለን እንልካለን። በወሩ ሲመለሱ ገሚሶቹ ፊታቸው ወዝ አውጥቷል፤ ገሚሶቹ ያው ናቸው። አንድ መንደር የሚኖሩ፣ ከአንድ ወንዝ የሚቀዱ፣ አንድ ዓይነት ጎደሬ የሚበሉ ሴቶች። አንዷን ያዳነ ክኒን ሌላዋን ለምን አያድናትም?

ካልተለወጡት አንዷ ሎሚ ናት፣ የበየነች ወንድም ሚስት። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ደሟ አልቆም ብሎ ልትሞትብን ነበር፤ ሰው በቃሬዛ ተሸክሟት ሚዛን ደርሳ ነው የተረፈችው። አሁን ሁለተኛውን አርግዛ ሆዷ እየገፋ ይሄዳል፣ ፊቷ ግን አመድ እንደመሰለ ነው። ያን ያህል ደም ዳግመኛ ቢፈሳት እንደማትተርፍ አውቅ ነበር። በየነችም ታውቃለች። ሌላ ጊዜ በሰው ሁሉ የምትቀልደው ሴት የሎሚ ነገር ሲነሳ አትቀልድም።

በዚህ መሃል ከጅማ ጤና ጽሕፈት ቤት ሰርኩላር ደብዳቤ ደረሰን። የጤና ባለሙያዎች የጥናት ጉባኤ ይደረጋል፤ ጥናቱ የተመረጠለት ጣቢያ አንድ ነርስ ለዲግሪ ትምህርት ይልካል ይላል። እዚህ ላይ ልቤ ዘለለች። ዲግሪ! ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ደግሞ ደሜ ፈላ። «ጥናት የሚያቀርቡት ዲግሪና ከዚያ በላይ ያላቸው ባለሙያዎች ይሆናሉ። ባለ ዲፕሎማ ነርሶች መረጃ በማሰባሰብ ይተባበራሉ።» ስለ ጤና ረዳቶች የተጻፈ ቃል አልነበረም።

በየነች መርፌ ስትቀቅል አገኘኋት። ወረቀቱን ፊቷ ላይ አራገብኩት።

«ይተባበራሉ! ምን ማለት እንደሆነ ገብቶሻል? እጅሽን ይዘሽ ነይ፣ ጭንቅላትሽን ቤት አስቀምጪው ማለት ነው!»

«አንቺስ እጅሽን ጠርተውታል» አለችና የቀቀለችውን መርፌ በመቆንጠጫ ማውጣቷን ቀጠለች።

ሰምቻታለሁ። ግን ቀልድ መስሎኝ አለፍኩት፤ በዚያ ሰዓት ከራሴ ንዴት በቀር የሚሰማኝ ነገር አልነበረም።

ለማንም ሳልነግር የራሴን ጥናት ጀመርኩ። አንድ የውጭ ሐኪም ትቶት በሄደ አሮጌ መጽሔት ላይ ቡና ከምግብና ከክኒን ጋር ሲጠጣ ደም የሚሠራውን ማዕድን ሰውነት እንዳይወስደው ያግዳል የሚል አንብቤ ነበር። ነገሩ ይኸው ነው አልኩ። ጥያቄ አዘጋጀሁ፦ ክኒኑን በምን ትውጫለሽ? በቀን ስንት ስኒ ቡና ትጠጫለሽ? ነጭ ጋዋኔን ለብሼ፣ ወረቀቴን በጠንካራ ካርቶን ላይ ወጥሬ፣ በየነችን በቤንች ቋንቋ እንድትተረጉምልኝ አስከትዬ ከቤት ቤት ዞርኩ። በየነች የተወለደችው እዚያው ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ ነው ለጤና ረዳትነት የሰለጠነችው። ጭቃው ጫማዬን እየነቀለ ያስቀርብኛል፣ ዝናቡ ወረቀቴን ያረጥባል፤ እኔ ግን እየሮጥኩ ነበር ማለት ይቻላል። አንዷን ጠይቄ ሳልጨርስ ዓይኔ የሚቀጥለው ቤት ላይ ነው።

መልሱ ግራ አጋባኝ። ክኒኑን በምን? በውሃ። ቡና? አልጠጣም። የሚቀጥለው ቤት፣ በውሃ፣ አልጠጣም። ከእርሻው ሠፈር ጀምሮ ወንዙ ማዶ ድረስ ሁሉም በውሃ፣ ሁሉም አልጠጣም። የመጽሔቱ ነገር ውሃ በላው። ታዲያ ክኒኑን በውሃ እየዋጡ ካልዳኑ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚቀረው፤ እየጣሉት ነው። ተናደድኩ። በዚያው ንዴት ጻፍኩት፦ «እናቶቹ የተሰጣቸውን መድኃኒት በአግባቡ አይወስዱም።» ዓረፍተ ነገሩ የተማረ ሰው የጻፈው ይመስል ነበር፤ ደጋግሜ አነበብኩት።

ሎሚ ለምርመራ ስትመጣ ጮህኩባት። «ክኒኑን የት ነው የምትጥዪው? መሞት አምሮሻል?» አልኳት። «እውጣለሁ፣ ሲስተር» አለች ቀስ ብላ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። በየነች ካርድ እያወጣች ነበር፤ ቀና ብላ አየችንና ተመልሳ አቀረቀረች።

ነርሶች ያሰባሰቡትን መረጃ ከየጣቢያው ሊወስዱ ሲስተር ወለላ ከጅማ መጡ። ውጭ አገር ተምረው በዲግሪ የተመለሱ፣ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። እኔ አንድ ነገር ተናግሬ ሦስተኛው ላይ ስደርስ እሳቸው ገና መነጽራቸውን ይጠርጋሉ። ከመኪናው ሲወርዱ ነው የጠላኋቸው። የለፋሁበትን ወስደው በራሳቸው ስም ሊያነቡት ነው እንጂ ሌላ ምን አመጣቸው?

እሳቸው ወረቀቶቼን አንድ በአንድ ሲያነቡ እኔ ክፍሏን ከጥግ ጥግ ተመላለስኩባት።

«ቁጭ በይ» አሉኝ።

«ቆሜ ይሻለኛል።»

«ለእኔ ግን አይሻልም፤ አንገቴን አመመኝ።»

ተቀመጥኩ።

«ማናልሞሽ፣ የተነሳሽበት ነገር ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው። መልሱ ነው ያልጣመኝ። እስኪ ይህን የቡናውን ዓምድ እዪው። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። አንዲት እንኳ የምትጠጣ የለችም?»

«እንዲያ ነው ያሉኝ።»

«ቡና ሲለቅም ውሎ ቡና ሥር የሚያድር ሰው?» መነጽራቸውን አወለቁ። «ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ ሲሰጥሽ ጥያቄውን ጠርጥሪው። ይህን እኔም የተማርኩት አንዴ ወድቄ ነው። እነዚህ ሴቶች ወይ ጻድቃን ናቸው፣ ወይ ጥያቄሽ ፖሊስ ሆኖባቸዋል።»

ፊቴ ጋለ። ይህን እንዴት ሳላየው ቀረሁ? ሦስት ዓመት ስማር በሽተኛ ማገላበጥ፣ መርፌ መውጋት፣ ሐኪም ያዘዘውን ሳያዛንፉ መፈጸም አስተምረውኛል። መልስ እንዴት እንደሚጠረጠር ያስተማረኝ አልነበረም። መታዘዝ ነበር ትምህርቱ፤ እኔ ደግሞ መታዘዝ ያልሆነልኝ ስለሆንኩ ብቻ አጥኚ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

«ማን ነበር የተረጎመልሽ?» አሉኝ።

በየነች ተጠርታ መጣች፤ እጇን በጋዋኗ እየጠረገች በሩ ላይ ቆመች።

«የቡናውን ጥያቄ እንዴት ብለሽ ነበር የምትጠይቂያቸው?»

«ሲስተር እንዳለችው ነው።»

«እንዳለችው እንዴት?»

በየነች አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አየች። ከዚያ ትከሻዋን ሰበቀች። «‹ቡና አትጠጪም፣ አይደል?› እል ነበር።»

ከመቀመጫዬ ተፈናጥሬ ተነሳሁ። «ምን? ምን አልሽ?»

«አትጩኺብኝ፣ ሲስተር። በሎሚ ላይ የጮህሽው ይበቃል» አለች። «ጥያቄሽን ይዘሽ የወጣሽ ሰሞን ጎረቤታችን ትራሱ ውስጥ ቡና ተገኘ ተብሎ ታስሯል፤ እስከ ዛሬ አልተፈታም። ነጭ ጋዋን የለበሰች፣ ወረቀትና እስክሪብቶ የያዘች ሴት በሩ ላይ ቆማ ‹ስንት ስኒ ቡና ትጠጫለሽ› ስትል ምን ይመልሱልሽ? ‹ከመንግሥት እርሻ በጉያችን ይዘን የወጣነውን እንጠጣለን› ይበሉሽ? ሎሚም እንደዚያ ትበልሽ?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅሽኝ? ተርጉሚ አልሽኝ፣ ተረጎምኩ።»

ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚባለው እኔ ነበርኩ። «ይተባበራሉ» ብለው ጻፉብኝ ብዬ አገር ሳምስ በየነችን ከኋላዬ አስከትዬ ምላሷን ብቻ ወስጄ ነበር። አፈርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ሲስተር ወለላ ግን ማፈሪያ ጊዜም አልሰጡኝ።

«ጥሩ» አሉ፣ መነጽራቸውን መልሰው እያደረጉ። «ሥራው ገና አሁን ተጀመረ።»

እንደገና ወጣን። ጋዋን የለም፣ ወረቀት የለም፣ እስክሪብቶ የለም። በየነች ትገባለች፣ እሳት ዳር ትቀመጣለች፣ ልጅ ትይዛለች፣ ስለ ዝናቡ ታወራለች። እኔ ከጎኗ መቀመጥ ብቻ ነው ሥራዬ፤ የዓለም ትልቁ ቅጣት ነበር። እግሬ ልነሳ ልነሳ ሲል በየነች በክርኗ ትጎስመኛለች። ከብዙ ወሬ በኋላ፣ ነገሩ ድንገት ትዝ እንዳላት ሆና፣ «ያቺን ቀይ ክኒን በምን ነው የምታወርጃት? እኔን አንቃ ልትገድለኝ ነው» ትላለች። አቤት፣ ያኔ የሚመጣው መልስ! አንዷ ገና ሳይነጋ ወደ ለቀማ ስትሄድ ፉት በምትላት ቡና ትውጠዋለች። ሌላዋ በጨሞ፣ የቡና ቅጠሉን ከሚጥሚጣና ከዝንጅብል ጋር አፍልተው በሚጠጡት። ይህ ለእነሱ ቡና አይባልም፤ ጨሞ ጨሞ ነው። እኔ ወረቀቴ ላይ ለሱ ቦታ እንኳ አልተውኩለትም ነበር።

ሎሚ ቤት ስንደርስ ነው የገባኝ። «እናንተ አይደላችሁ ያልፈላ ውሃ አትጠጡ ያላችሁን?» አለችን። «ቤት ውስጥ የፈላ ነገር ይኸው ነው» ብላ ጨሞው የተጣደበትን ድስት አሳየችን። እኔው ራሴ ነኝ ያስተማርኳት። ሰኞ ሰኞ ከምርመራ በፊት፣ በሥዕል አስደግፌ፣ ሳልታክት።

ተመልሰን ስንቆጥረው ቁልጭ ብሎ ወጣ። ወዝ ያወጡት፣ ወንዝ ዳር ያሉትና ምክራችንን ያልሰሙት፣ ክኒኑን በውሃ የሚውጡ ናቸው። ገርጥተው የቀሩት የእኛን ቃል የሰሙት ናቸው። አለቀስኩም፣ ሳቅኩም፤ ክፍሏ ውስጥ ከበየነች ጋር ተቃቅፈን ዘለልን። በማግስቱ ሎሚን «አፍልተሽ ባቀዘቀዝሽው ውሃ ዋጪው፤ ቡናውንም ጨሞውንም ከክኒኑ አርቀሽ ጠጪ፤ ብርቱካን ካገኘሽ ብዪበት» አልናት።

ጥናቱን ልጽፍ ስቀመጥ በየነች በሩን ዘግታ መጣች።

«ቡና የሚለው ቃል እንዳይገባበት።»

«ስም እኮ አልጽፍም። ቁጥር ብቻ ነው፤ ቁጥር ስም የለውም።»

«ቁጥሩ ስም የለውም፤ መንደሩ ግን ስም አለው» አለች። «ጅማ የሚሰማሽ ሰው ነርስ ብቻ ነው? ካድሬ የለም? ከዚህ መንደር እንዲህ ያህሉ ሴት ቡና ትጠጣለች ስትዪ ከየት አመጡት አይልም? ሲስተር፣ የነገሩኝ እኔን ብለው ነው። ማዪልኝ።»

ማልኩላት። ለሲስተር ወለላ ሁሉንም ነገርኳቸው። ብዙ አሰቡና «በውሃ የዋጡ» እና «በሌላ መጠጥ የዋጡ» ብለን ከፈልነው። «ግን እወቂው» አሉኝ፣ «የሚያውቅ ሰው ‹ሌላ መጠጥ› ሲባል ዝም አይልሽም። ይጠይቅሻል። ያኔ ምን ልትዪ ነው?»

«ያኔ እደርስበታለሁ» አልኩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የተባለው ለእንደኔ ዓይነቷ ነው።

ከዚያ ያልጠበቅኩትን ነገር አደረጉ። «ጥያቄው ያንቺ ነው፤ አንቺ ታቀርቢዋለሽ» አሉ። ጅማ ሄደው ተሟገቱልኝ። አንዲት ባለ ዲፕሎማ ነርስ ለሙከራ ታቅርብ፤ ከሆነላት ሰርኩላሩ ይሻሻላል፣ ካልሆነላት እንዳለ ይጸናል ተባለ። ስለዚህ ጅማ የሄድኩት ለራሴ ብቻ አልነበረም። ከማሻ፣ ከጌጫ፣ ከየት ከየት የመጡ እንደኔ ያሉ ነርሶች የኋለኛው ወንበር ላይ ተደርድረው እኔን እያዩ ነበር። አንዷ ስታልፍ እጄን ጨበጥ አድርጋኝ ሄደች።

አዳራሹ በመፈክር ተሸፍኗል። ሰብሳቢው ዶክተር ሳህሉ የተባሉ፣ ሽበታሙ፣ ሰውን ሲያዳምጡ አንገታቸውን ዘንበል የሚያደርጉ ሐኪም ናቸው። ከጎናቸው ጓድ ታፈሰ ተቀምጧል፤ ጉባኤውን በፓርቲ በኩል የሚከታተል፣ ቀድሞ በቡና ቁጥጥር ላይ የሠራ ሰው ነው አሉኝ። ጥናት ሲቀርብ ጋዜጣ ያነባል።

ተነሳሁ። የዓይን ቆብ ስገልጥ ያየሁትን ነገርኳቸው፣ የመጀመሪያው ጥያቄዬ እንዴት እንዳሳተኝ ነገርኳቸው፣ ክኒኑን በውሃ የዋጡትና ያልዋጡት እንዴት እንደተለያዩ ነገርኳቸው። በሕይወቴ አንድ ቦታ ላይ ረግቼ የቆምኩት ያን ጊዜ ነው። ዶክተር ሳህሉ መጻፍ ጀመሩ። የኋለኛው ወንበር አጨበጨበ። ዲግሪው የኔ ነው አልኩ በልቤ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አልኩ።

ዶክተር ሳህሉ ደስ ብሏቸዋል። «ድንቅ ነው፣ እህቴ። እጅግ ድንቅ ነው» አሉ። «አንድ ነገር ብቻ። ‹ሌላ መጠጥ› ያሉት ምንድን ነው? ምን ይጠጡ ነበር?»

ትክክለኛው ጥያቄ ነበር። እሳቸው ቦታ ብሆን እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ጓድ ታፈሰ ጋዜጣውን አጠፈና ቀና አለ።

ጨሞ ልበል? ቅጠሉም ከዛፍ ነው የሚቀጠፈው፤ ከማን ዛፍ ይባላል። ሻይ ልበል? ውሸቱ ጥናት ተብሎ ይጻፋል፤ ነገ አንዷ ነርስ አንብባው ሻይ ስትከለክል፣ እርጉዟ ክኒኗን በቡና ስትውጥ ትሞታለች። የሎሚ ድስት መጣብኝ። ትራስ ሲቀደድ ታየኝ። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች ቃሏ፤ አንድ ቃል ናት። ሲስተር ወለላ ፊት ለፊት ተቀምጠው አዩኝ፤ ራሳቸውን አልነቀነቁም፣ ዓይናቸውንም ከእኔ ላይ አላነሱም።

«አልጠየቅንም» አልኩ።

«ይቅርታ?»

«ሌላው መጠጥ ምን እንደሆነ... አልጠየቅንም።»

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ብዙዎች ሳቁ። ዶክተር ሳህሉ እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። የከፋቸው ከልባቸው ነበር። «የነገሩ ሁሉ ልብ እዚያ ላይ ነበር እኮ» አሉ። «እሱን ሳይጠይቁ?» ከዚያ ሊያጽናኑኝ ፈልገው ድምፃቸውን አለሰለሱ፤ ያ ማለስለሳቸው ነው የገደለኝ። «ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ እህቴ። መጠየቅ ራሱ ትምህርት ይፈልጋል። ጥናት ለባለ ዲግሪ ይሁን ያልነው እኮ ለዚሁ ነው።»

ጓድ ታፈሰ ጋዜጣውን ዘረጋ። ወደ ኋለኛው ወንበር አየሁ። እጄን የጨበጠችኝ ልጅ አቀርቅራ ጥፍሯን ታይ ነበር። ሰርኩላሩ እንዳለ ጸና። ዕድሉን የቆዳ እከክ ያጠናው ጣቢያ ወሰደው፤ ያቀረቡት ሐኪም ነበሩ፤ ከነርሶቹ አንዷ ትሄዳለች ተባለ። ደስ ይበላት።

ሲስተር ወለላ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኙኝ። እኔ ወዲህ ወዲያ እላለሁ፣ እሳቸው ቀስ ብለው ይራመዳሉ።

«አንድ ቃል ብናገር አድንሽ ነበር» አሉ።

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«አንቺስ ለምን አልተናገርሽም?»

መልሱን ሁለታችንም እናውቀው ነበር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔ ግን መንገዱን ሙሉ ሆዴ ውስጥ ሲነቅዝ ይሰማኝ ነበር። ብጮህ፣ አውቶቡሱን አስቁሜ ወደ አዳራሹ ብመለስና «ጠይቄያለሁ! ከእናንተ ሁሉ አብልጬ ጠይቄያለሁ!» ብል በወደድኩ። ኬላ ላይ ወታደሩ ሁላችንንም አስወርዶ ሻንጣዬን በጣቱ ደባበሰ።

«ቡና ይዘሻል?»

«አልያዝኩም» አልኩት፤ ባዶ ሻንጣ ይዤ ድምፄ እንደ ሌባ ተንቀጠቀጠ። ሴቶቹ ደጃፋቸው ላይ ስቆምባቸው ምን እንደተሰማቸው ያኔ ገባኝ።

ጤና ጣቢያው ስደርስ ከሰዓት ሆኗል፤ አግዳሚው ላይ እርጉዞች ተደርድረዋል። በየነች ገና ስታየኝ በጭቃው ላይ ሮጣ መጣች።

«ሎሚ ወለደች! ሴት ልጅ። ደሟ ወዲያው ቆመላት፤ ሚዛን መሄድም አላስፈለጋት። ዛሬ ጎደሬ ቆርጣ ስትቀቅል አገኘኋት፤ ተኚ ብላት እምቢ አለች።» ትንፋሽ አጥሯት ቆመች። «አንቺስ? ተቀበሉሽ?»

«አልተቀበሉኝም።»

«ለምን?»

በየነች ራሷ ለምን ብላ ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነው። እዚያው ጭቃው ላይ ሻንጣዬን አስቀመጥኩ።

«መጠየቅ አታውቅም አሉኝ።»

«ማንን?» አለች በየነች። «ሲስተር ለምንን?»

ሳቅ አፈናት፤ ሆዷን ይዛ፣ ትከሻዬን ተደግፋ ሳቀች፤ አግዳሚው ላይ ያሉት ሴቶችም ነገሩ ሳይገባቸው አብረዋት ሳቁ። እኔም ልስቅ አፌን ከፈትኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ።